ከጅማ ሳይርቁ የተላላፊ በሽታና የክትባት ተመራማሪ መሆን ይቻላል?

ጥያቄ፦ የአዌቱ ማዶ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። በጤና መኮንንነት ተመርቄ በጅማ ዞን በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ማገልገል ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የወደፊት ሥራዬ በተላላፊ በሽታዎችና በክትባት ምርምር ላይ እንዲሆን ብመኝም ከየት እንደምጀምር ሊታየኝ አልቻለም፤ ስለዚህ በሙያው ያለፋችሁበት ምክራችሁን እንዳትነፍጉኝ እለምናለሁ።

ለዚህ ሐሳብ ያበቃኝ አንድ ገጠመኝ ነው። የወረዳችን የኩፍኝ ክትባት ሽፋን 103 በመቶ ደርሷል ተብሎ ሪፖርት በተደረገበት ዓመት፣ ትኩሳትና ሽፍታ የወጣባቸው፣ ዓይናቸው የቀላና የሚያስሉ ሕፃናት ከአንድ ቀበሌ ብቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው መጡብን። ከመቶ በላይ የተከተበ ወረዳ እንዴት በኩፍኝ ይያዛል ብዬ ስጠይቅ አንድ ባልደረባዬ «ሪፖርቱም እውነት ነው፣ በሽታውም እውነት ነው» ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ፣ ይህን ዓይነቱን ነገር እያጠኑ ለመኖር ላብራቶሪ መግባት ግድ ነውን? ወይስ ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠናው ሙያ) ይበቃል? ውጭ አገር ሳይማሩ በዚህ ሙያ የትም መድረስ አይቻልም የሚሉኝስ እውነት አላቸው? እናቴ በበኩሏ ክሊኒክ እንድከፍት ትፈልጋለች፤ ሐሳቤን ስነግራት «ይህን ሁሉ ተምረህ ቤት ለቤት ልትዞር?» አለችኝ።

መልስ፦ ከሄርማታ (የኤፒዲሚዮሎጂ መምህር)

ወንድሜ፣ የባልደረባህ ቀልድ ከተፈታ የሙያው ጥያቄህም በግማሽ ስለሚመለስ ከእርሱ ልነሣ።

ሽፋን የምንለው አንድ ቁጥር ለሌላው ሲካፈል የሚገኘውን ውጤት ነው። የሚካፈለው ቁጥር ጤና ኬላውና ጤና ጣቢያው በሬጅስተር ያሰፈሯቸው የተከተቡ ሕፃናት ናቸው፤ ይህ ቢያንስ በእጅ የተጻፈ ነገር ነው። የሚካፈልበት ግን ማንም ዞሮ የቆጠረው አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ተነሥቶ በዕድገት መጠን እየተባዛ በየዓመቱ የሚወጣ ግምት ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ፣ ሰው አዲስ የሰፈረበት ቀበሌ በወረቀት ላይ አንሶ ይቀራል፣ ሰው የለቀቀበት ደግሞ እንደሞላ ይቆጠራል። አንድ ወረዳ በዕቅዱ 3,000 ሕፃናት አሉህ ተብሎ፣ በእውነት ግን 4,000 ኖረውት 3,100ውን ቢከትብ ሪፖርቱ 103 በመቶ ይላል። ማንም አልዋሸም፤ ይሁን እንጂ እውነተኛው ሽፋን 78 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ 900 ሕፃናትም ከነመኖራቸው የሚያውቅ የለም።

በአገር ደረጃም ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ቤት ለቤት በሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2000 14 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 39 በመቶ ነበሩ። ዕድገቱ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን በየወረዳው ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው ሠንጠረዥ ጋር የሚገናኝ አይደለም።

አሁን ደግሞ ሽፋኑ በእውነት 95 በመቶ ነው እንበል። በ9 ወር የሚሰጠው ክትባት ከተከተቡት 100 ሕፃናት ለ85ቱ ገደማ ብቻ የመከላከል አቅም ይፈጥራል። እንግዲህ በዓመት 1,000 ሕፃናት በሚወለዱበት አካባቢ 950ው ቢከተቡ ከኩፍኝ የሚጠበቁት 810 እንኳ አይሞሉም። የቀሩት 190 ሕፃናት በየዓመቱ ሲጠራቀሙ በአምስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሙሉ ዓመት ልደት ጋር ይተካከላሉ። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ፣ መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ስለሚችል፣ ይህ ክምችት አንድ እንግዳ እስኪመጣ ብቻ ነው የሚጠብቀው። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛ ዶዝ እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን የተጨመረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ቀንህን የምታሳልፈው በአብዛኛው ያልተቆጠሩትን በመፈለግ ነው፤ የሚያሳዝነው ተማሪዎቻችን ይህን የሚረዱት ዘግይተው መሆኑ ነው። ሁሉም ተማሪ የሚጀምረው በኮምፒውተር ከሚሠራው ትንተና ነው። መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ ሳያውቅ በሶፍትዌር የሚራቀቅ ሰው ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳቀረበልኝ ብነግርህ ታዝንልኛለህ።

ውጭ አገር ስለመማር ለጠየቅኸው፣ ዕድሉ ከመጣ አትግፋው፤ ግን ከደጃፍህ ያለውን እይ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ነዋሪውን እየተከታተለ የሚመዘግብበት የመስክ ምርምር ማዕከል አለው። እዚያ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው በየቤቱ እየተጠየቀ ይያዛል፤ ሐኪም ሳያየው ለሞተ ሰውም የሞቱ መንስኤ ቤተሰቡ ከሚናገረው የሕመም ታሪክ ተነሥቶ ይገመታል። ከላይ «ማንም ዞሮ የቆጠረው አይደለም» ያልሁህ ቁጥር እዚያ በእጅ ይቆጠራል ማለት ነው። በአውሮፓ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ ተመራማሪ ይህን ለማግኘት ቪዛ ጠይቆ ይመጣል፤ አንተ በሚኒባስ ትደርሳለህ።

መልስ፦ ጡረተኛው ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ)

ልጄ፣ ዓይኔ ስለደከመ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። መምህሩ የተናገሩት ደግ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከወረቀት በፊት የነበረውን ልንገርህ።

የፈንጣጣ ማጥፋት ሥራ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ እኔም ገና ጢም ያላወጣሁ ሠራተኛ ነበርሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከመላው ኢትዮጵያ የተመዘገበው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ሥራው በተጀመረበት ዓመት ግን ከ26,000 በላይ ሆነ፤ በዚያ ዓመት በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። በሽታው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያ አልባሰም፤ ፈልገን ስላገኘነው ነው። አለቆች ቁጥሩን አይተው ሲደነግጡ እኛ ደስ ይለን ነበር፤ ይህን ለሰው ማስረዳት ግን አስቸጋሪ ነበር።

አሠራራችን አገሩን ሁሉ መከተብ አልነበረም፤ እንዲያማ ብንል እስከ ዛሬ አንጨርስም ነበር። የታመመ ሕፃን ሥዕል ያለበትን ካርድ ይዘን ገበያና ትምህርት ቤት እንሄዳለን፤ በሐሙስ ገበያ ላይ ካርዱን ከፍ አድርገን «እንዲህ ያለ ሰው የት አያችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። ሕፃናት ከሽማግሌዎች ይልቅ ያውቁ ነበር። አለ ወደተባለበት መንደር በበቅሎ ወይም በእግር ሄደን፣ የታመመው የነካቸውን ሰዎችና ጎረቤቶቹን በባለ ሁለት ጫፏ መርፌ እንከትባለን፤ በሽታው የሚሄድበት ሰው ሲያጣ እዚያው ይሞታል። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ነበር፤ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻ ሰው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በሶማሊያ መርካ ከተማ የተገኘው ዓሊ ማኦው ማሊን ነው። እርሱም ድኖ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ በአገሩ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ሲያገለግል በ2013 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ውጭ አገር መማር ግድ ነውን ላልኸው፣ የእኛን ነገር በተገላቢጦሽ እየው። ከእኛ ጋር ይሠሩ ከነበሩት የውጭ ባለሙያዎች አንዱ ብራዚላዊው ዶክተር ሲሮ ደ ኳድሮስ ነበሩ። በኢትዮጵያ ተራራ ያዩትን፣ ማለትም ሕመምተኛውን ፈልጎ ዙሪያውን የመክበብ አሠራርን ወደ አገራቸው ክፍለ ዓለም ወስደው ፖሊዮን ከአሜሪካ አህጉራት የማጥፋቱን ሥራ መሩ፤ አካባቢው ከፖሊዮ ነፃ መሆኑ በ1994 እ.ኤ.አ. ተረጋገጠ። እንግዲህ እርሳቸው ሊማሩ ወደ እኛ መጡ ማለት ነው፤ ይህን ለእናትህ ንገራት።

ከርእሱ ወጣ ልበልና፣ «ክትባት» እና «ክታብ» ከአንድ ግሥ መውጣታቸውን አስተውለሃል? ሁለቱም «ከተበ» ከሚለው ነው፤ ከተበ ማለት ጻፈም ማለት ነው። በየመንደሩ ክታብ አንገቱ ላይ ያሰረ ሕፃን ስናይ ጓዶቼ ይቆጡ ነበር፤ እኔ ግን እናቲቱን «አንዱን በአንገቱ አስረሻል፣ ሌላውን በክንዱ ልጻፍልሽ» እላት ነበር፤ ስቃ ታቀርብልኛለች።

መልስ፦ ሲስተር ከአጋሮ መንገድ

ጋሼ፣ አነጋገርዎ ደስ ይላል፤ ዛሬ ግን ክታብን የሚፈራ ከታቢ የለም፣ የሚፈራው ጠርሙሱን ነው። ወንድሜ፣ ምርምር ልትሠራ ካሰብህ ይህን አጥናልኝ።

የኩፍኝ ክትባት በብዛት የሚመጣልን ለአሥር ልጅ በሚሆን ጠርሙስ ነው። በማሟሟያው ከተቀላቀለ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። በክትባት ቀን ሁለት ሕፃናት ብቻ ቢመጡ መክፈት አለብን፤ መመሪያውም አንድም ልጅ ቢሆን ክፈቱ ይላል። ነገር ግን በወሩ መጨረሻ ስለ ብክነት ስትጠየቂ ማንም «ስንት ልጅ ሳትከትቢ መለስሽ?» አይልሽም፤ «ስንት ዶዝ ደፋሽ?» ነው የሚልሽ። በመሆኑም ከታቢዋ «ማክሰኞ ነይ፣ ሌሎችም ይመጣሉ» ትላለች። ያቺ እናት ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣች፣ ሌላ ልጅ ያዘለች፣ ቡናዋን ጸሐይ ላይ አስጥታ የወጣች ናት። ማክሰኞ አትመጣም። በሬጅስተሩ ላይ «ያቋረጠች» ተብላ የምትጻፈው እርሷ ናት፤ የመለስናት እኛ ነን። እኔም መልሻለሁ፤ ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ሌላው ፍሪጁ ነው። ሰው ሁሉ ክትባት በሙቀት ይበላሻል ይላል፤ ልክ ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ነገር ግን አምስቱን በሽታዎች የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ ከዚያም የሳንባ ምች ክትባት፣ በበረዶ ሲመቱ ይሞታሉ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ምልክት ሙቀትን እንጂ መቀዝቀዝን አይነግርሽም። ከመጠን በላይ የቀዘቀዘ አይስ ፓክ አጠገብ የዋለ ክትባት ለሕፃኑ ቢሰጥ ካርዱ ላይ ተከትቧል ተብሎ ይጻፋል፤ ሰውነቱ ግን ምንም አላገኘም። መምህሩ ያሰሉት 85 በመቶ ክትባቱ በደኅና ተይዞ ሲደርስ ነው።

ስለ ቋንቋም ልጨምር። መጠይቅህን በእንግሊዝኛ ጽፈህ በአማርኛ ተርጉመህ ብቻ ገጠር እንዳትወጣ። ብዙዎቹ እናቶች የሚመልሱልህ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ክትባት ታላሊ፣ ኩፍኝ ጊፊራ ነው። ጊፊራ ይዞት ያውቃል ወይ ስትላት ጉድፍም ሆነ ሌላ ሽፍታ የያዘው ልጅ ሊገባበት ይችላል፤ ስለዚህ ትኩሳቱን፣ ሳሉን፣ የዓይኑን መቅላት ለይተህ ጠይቅ። የልጁን ዕድሜ ስትጠይቅም በወር አትጠብቅ፤ «ቡና ሲለቀም» ወይም «በረመዳን» ትልሃለች። የአካባቢውን ክስተቶች በቀን መቁጠሪያ ደርድረህ ካልያዝህ የ8 ወሩንና የ10 ወሩን ልጅ መለየት አትችልም፤ ለኩፍኝ ክትባት ጥናት ደግሞ ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

መልስ፦ ከማይክሮስኮፑ ጀርባ

የሦስቱንም አስተያየት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ላብራቶሪ እንደ ትርፍ ነገር መታየቱን አልቀበልም። እኔ ጅማ ተምሬ አሁን በአዲስ አበባ የምሠራ ነኝ።

እርስዎ ያዩአቸው ሕፃናት ኩፍኝ ይሁን ሩቤላ የሚባለው ሌላ የሽፍታ በሽታ በዓይን ብቻ አይለይም፤ የሚለየው የደም ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ በድንገት ሲዝል፣ ሽባነቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ካልተወሰደ ፖሊዮ ነው ወይም አይደለም ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። ሲስተር ያነሡት በበረዶ የተመታ ክትባትም የሚጋለጠው የሕፃናቱ ደም ውስጥ የመከላከያ አካላት መኖር አለመኖሩ ሲለካ ነው። ካርድ ቆጥረው የሚያገኙት የተከተቡትን ነው፤ የተጠበቁትን አይደለም።

ወደፊት የሚመጣውንም ያስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እና በ2023 እ.ኤ.አ. የደገፋቸው ሁለቱ የወባ ክትባቶች የተዘጋጁት ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ነው፤ በአገራችን ግን ቫይቫክስ የሚባለው ሌላ ዓይነትም በብዛት ይገኛል፤ ስለዚህ ክትባቱ እዚህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሌላ አገር ውጤት ተቀድቶ አይታወቅም። በግልገል ጊቤ ግድብ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ ራቅ ብለው ካሉት ይልቅ እንደሚበዛ ያሳየው የጅማ ጥናት የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ባይታይ ኖሮ አይሠራም ነበር። ከኤፒዲሚዮሎጂ አይውጡ፤ ግን አንድ ሦስት ወር እንኳ ቢሆን ላብራቶሪ ገብተው ናሙና ከቀበሌ ተነሥቶ ውጤት እስኪሆን የሚያልፍበትን መንገድ ይዩ። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ የአዌቱ ማዶ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የዶክተር ደ ኳድሮስን ነገር ለእናቴ ነግሬያት «እርሱ እንኳ ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰ» ብላኛለች፤ እንዴት እንደተረዳችው አላውቅም፣ ግን ከክሊኒኩ ወሬ ለጊዜው አርፌያለሁ።

በኤፒዲሚዮሎጂ ለሁለተኛ ዲግሪ ለማመልከት ወስኛለሁ። እስከዚያው ኩፍኝ በታየበት ቀበሌ ትንሽ ጥናት ለማድረግ አስቤ ከ30 መንደሮች ሰባት ሰባት ሕፃናት የሚወሰዱበትን የታወቀውን የሽፋን ጥናት ዘዴ እያነበብሁ ነው። በአንድ ቀበሌ ግን 30 መንደር ከወዴት ይገኛል? የመጀመሪያውን ቤት ለመምረጥስ በመንደሩ መካከል ስክሪብቶ አሽከርክሮ ጫፉ ወደጠቆመበት መሄድ የሚለው አሁንም ይሠራል?

መልስ፦ ከሄርማታ

ስክሪብቶውን ተወው። ያ ዘዴ ለወረዳና ለዞን የታሰበ፣ ውጤቱም ወደ ላይም ወደ ታችም በ10 ነጥብ ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል ከመጀመሪያው የታወቀ ፈጣን መለኪያ ነበር። ችግሩ መረጃ ሰብሳቢው ስክሪብቶው ወደ ገደሉ ሲጠቁምበት ደግሞ ማሽከርከሩ ነው፤ እኔም በተማሪነቴ አድርጌዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሽፋን ጥናት መመሪያ ቤቶቹ አስቀድመው ተዘርዝረው በዕጣ እንዲመረጡ ያዝዛል።

በአንድ ቀበሌ ከሆነ ግን ዕጣም አያስፈልግህም፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነህ እያንዳንዱን ቤት ቁጠር። የእርሷን የቤተሰብ መዝገብ ያዝ፣ ነገር ግን ከመዝገቡ አትጀምር፤ ከቀበሌው ዳር ጀምረህ ያገኘኸውን ቤት ሁሉ ጻፍና በመጨረሻ ከመዝገቡ ጋር አስተያየው። በመዝገቡ የሌሉት ቤቶች የት እንደተሰበሰቡ በካርታ ላይ አድርግ፤ የታመሙት ሕፃናት ከዚያው ከሆኑ የመመረቂያ ጽሑፍህን ርእስ አገኘህ ማለት ነው። ከመውጣትህ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የወረዳውን ደብዳቤ እንዳትረሳ፤ ያልተከተበ ልጅ ስታገኝም ጽፈህ ብቻ አትለፍ፣ የሚከተብበትን ቀንና ቦታ ለእናቲቱ ነግረህ ለሲስተሮቹ አሳውቅ።

አሁን ጥቅምት እየገባ ስለሆነ ለቀማው ተጀምሯል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ካልደረስህ ቤት የምታገኘው ዶሮና ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ቡና ውስጥ ነው፣ ለለቀማ ከሌላ ወረዳ የመጡት ቤተሰቦችም ከነልጆቻቸው በዚያው በማሳው ዳስ ውስጥ ያድራሉ። እነርሱን ለብቻ መዝግባቸው፤ በማንኛችንም ሬጅስተር የሉም።